ቻርተር ትምህርት ቤት ተጠሪነቱ ለማን ነው? ዲሲ ያላችሁ ወላጆች እስቲ ኑ

እናት_ከብራይትዉድ | ሰኞ ማታ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ልጃችን በኦገስት መጨረሻ ፕሪኬ 4 (የአራት ዓመት ልጆች ክፍል) ትጀምራለች። ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የከተማው የትምህርት ቤት ምደባ ሎተሪ 12 ትምህርት ቤት ደርድረን አስገብተን ነበር፣ ከላይ ካስቀመጥናቸው አንዱ ቻርተር ወጣላት። ደስ ብሎናል፣ ግን ግራም ገብቶናል።

ባለቤቴ "ክፍያ የሌለው የግል ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ ተመስገን በይ" ይለኛል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ቤተክርስቲያን አግኝታኝ "የመንግሥቱ ይሻልሻል፣ እነዚህ እኮ ብድግ ብለው ይዘጋሉ" አለችኝና የኢግል አካዳሚን ነገር አነሳችልኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሁሉ ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ ስድብ።

እኔ ማወቅ የምፈልገው ቀላል ነው። ባለቤቱ ማነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ርእሰ መምህሯ ጆሮ ዳባ ልበስ ብትለኝ ከሷ በላይ ማን ጋ ነው የምሄደው? የምታውቁ እባካችሁ በአማርኛ አስረዱኝ፣ የምዝገባው ቀነ ገደብ እየደረሰ ነው።

መምህርት_ረ | ሰኞ ማታ

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ዲሲ ውስጥ ቻርተር ትምህርት ቤት አስተምሬ ወጥቻለሁ። ስለዚህ የማስተዋውቀውም የምበቀለውም የለኝም።

መጀመሪያ ነገር፣ የግል አይደለም። ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ልጅ ፈትኖ መምረጥ አይችልም፣ ከቦታው በላይ አመልካች ካለ ሎተሪ ነው የሚወስነው። ሃይማኖት ማስተማርም አይችልም። ገንዘቡ ከግብር የመጣ ነው፣ ለመደበኛው ትምህርት ቤት በሚሰላበት ቀመር በተማሪ ቁጥር ይሰላል። ከዚያ ሌላ ለሕንጻ የሚሆን በየተማሪው የተሰላ ገንዘብ ይጨመርላቸዋል። ኪራዩንም የባንክ ዕዳውንም የሚከፍሉት ከዚያ ነው።

ልዩነቱ አስተዳደሩ ላይ ነው። መደበኛው፣ ዲሲፒኤስ የምንለው፣ ከ2007 ጀምሮ በከንቲባው ሥር ነው። ከንቲባው ቻንስለር ይሾማል፣ ቻንስለሩ ርእሰ መምህራኑን ያዛል። የተናደደ ወላጅ ቢያንስ በምርጫ ቀን ድምፁን የሚያሳርፍበት ሰው አለው። ቻርተሩ ግን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የራሱ የባለአደራ ቦርድ አለው፣ ርእሰ መምህሯን የሚቀጥረውም የሚያባርረውም ይህ ቦርድ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የሠራተኛ ደመወዙን፣ የትምህርት ቀኑን ርዝመት ራሱ ይወስናል። ነጻነቱ ይሄ ነው። በምላሹ ውጤት አመጣለሁ ብሎ ውል ይፈርማል።

ውሉን የሚያስፈርመው ደግሞ የዲሲ የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ይባላል። ሁለቱን ቦርዶች እንዳታምታቺያቸው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንደኛው የትምህርት ቤቱ ነው። ሁለተኛው የሁሉም ቻርተሮች ተቆጣጣሪ ነው፣ 7 አባላት አሉት፣ ከንቲባው ያቀርባቸዋል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃቸዋል። ውሉ የ15 ዓመት ነው፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ትምህርት ቤቱ ቃል የገባውን ውጤት ካላመጣ ቦርዱ ሊዘጋው ይችላል። ገንዘብ ካባከነ ወይም ሕግ ከጣሰ ደግሞ አምስት ዓመቱን መጠበቅ የለበትም።

ዲሲ ውስጥ ይሄ የዳር ነገር አይደለም። ከሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ነው የሚማሩት።

ቢኒ_ሲልቨርስፕሪንግ | ሰኞ ማታ

እኛ ሜሪላንድ ያለነውስ? ሱቄ ዲሲ ነው፣ ግብር እዚያ እከፍላለሁ። ልጄን ማስገባት እችላለሁ?

መምህርት_ረ | ሰኞ ማታ

አይ ወንድሜ፣ የሚታየው የምትኖርበት ቤት ነው። የዲሲ ነዋሪ ካልሆንክ ሙሉ ክፍያ ትጠየቃለህ፣ እሱም ቦታ ከተረፈ ነው። የዘመድ አድራሻ ሰጥተው ያስመዘገቡ ሰዎች ተከሰው ያለፉትን ዓመታት ክፍያ እንዲመልሱ ተደርገዋል፣ ስለዚህ አትሞክረው። ሜሪላንድም ቻርተር አለ፣ ሕጉ የ2003 ነው፣ ግን ፈቃድ የሚሰጠው የየካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው። መምህራኑም የካውንቲው ተቀጣሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ባልቲሞር ናቸው። ቨርጂኒያ ደግሞ ጠቅላላው ከአሥር አይሞሉም፣ አሌክሳንድሪያ ያሉ ዘመዶቻችን ስለዚህ ነገር ሰምተው የማያውቁት ለዚህ ነው።

ሹፌሩ_አባት | ማክሰኞ ጠዋት

ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነበር። እረፍት የለውም፣ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ግን ጎበዝ ነው። ገና ትምህርት ከመጀመሩ ስልክ ይደወልልኝ ጀመር። "ዛሬ አስቸግሯል፣ መጥተህ ውሰደው።" እኔ ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኜ ይደወላል። አውርጄ እሄዳለሁ። የቅጣት ወረቀት አይሰጡኝም፣ ዝም ብለው "ለዛሬ ቤት ይረፍ" ነው የሚሉት። እኔም እሺ ብዬ አመስግኜ እወስደዋለሁ፣ አስተማሪ ይከበራል ብለን ነው ያደግነው።

ከገና በኋላ ስብሰባ ተጠራሁ። አራት ሰው ሆነው ተቀምጠዋል፣ እኔ ብቻዬን። አንዷ በጣም በትሕትና "ልጅህን እንወደዋለን፣ ግን ለሱ የሚሆን ፕሮግራም እኛ ጋ የለም፣ የሰፈርህ ትምህርት ቤት የተሻለ አቅም አለው" አለችኝ። የመልቀቂያ ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ የልጄ ስም ተሞልቶ። አስተርጓሚ አላመጡም። እንግሊዝኛ አልቸገርም፣ ግን እንደዚህ ያለ ነገር ሲመጣ አፍ ይያዛል። ፈረምኩ።

ማንም አላባረረውም። መዝገቡ ላይ "በወላጅ ፈቃድ ለቀቀ" ነው የሚለው። ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ወጣ፣ የተባረረ ተማሪ ቁጥር ዜሮ። ስለዚህ ተጠያቂነት ስትሉኝ ይሄን ማን ይቆጥረዋል ነው የኔ ጥያቄ። ልጄ አሁን የሰፈር ትምህርት ቤት ነው፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መምህርት_ረ | ማክሰኞ ቀትር

ወንድሜ ልብ ይነካል። ሌላ ወላጅ ላይ እንዳይደርስ አንድ በአንድ ልጻፈው።

"መጥተህ ውሰደው" የሚለው ስልክ ቅጣት ነው። ልጅ በባህሪው ምክንያት ከክፍል ከተላከ ከትምህርት ታግዷል፣ ስሙን ምንም ይበሉት። ስለዚህ "በጽሑፍ ስጡኝ" በሏቸው። ሁለት መስመር ኢሜይል ይበቃል፦ ዛሬ በዚህ ሰዓት ልጄን እንድወስድ ተደውሎልኛል፣ ምክንያቱን ጻፉልኝ። ቀኖቹ ሲደመሩ ትርጉም ይኖራቸዋል። አይ.ኢ.ፒ (ጉዳት ላለበት ልጅ የሚዘጋጅ የግል የትምህርት ዕቅድ) ያለው ልጅ በዓመቱ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ በተከታታይ ወይም በተደጋጋሚ ከታገደ፣ ባህሪው ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚያይ ስብሰባ የግድ ይጠራል። ይሄ የፌደራል ሕግ ነው፣ ቻርተር መሆን አያስመልጥም። "ፕሮግራሙ እኛ ጋ የለም" የሚባል መልስም ዲሲ ውስጥ አይሰራም። እያንዳንዱ ቻርተር ለስፔሻል ኢጁኬሽን (ለልዩ ፍላጎት ትምህርት) በሕግ እንደ ራሱን የቻለ የትምህርት ዲስትሪክት ነው የሚቆጠረው። ከሌለው ማዘጋጀት ወይም ከፍሎ ማስገኘት የሱ ግዴታ ነው።

ሌላው ኦክቶበር ነው። ተማሪ የሚቆጠረው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው፣ የዓመቱ በጀት የሚወሰነውም በዚያ ቆጠራ ነው። ልጅ በጃንዋሪ ቢለቅ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፣ የሚቀበለው የሰፈር ትምህርት ቤት ግን በዓመቱ መሀል የመጣን ልጅ አልቀበልም ማለት አይችልም። ሁሉም ትምህርት ቤት በዚህ ይጠቀማል እያልኩ አይደለም። እኔ የነበርኩበት አንድ ልጅ እንዳይሄድ ሌሊት ተሰብስበን የምንማከርበት ቤት ነበር። ግን አሠራሩ በሩን ክፍት ትቶታል፣ ክፍት በር ደግሞ የሚገባበት አያጣም።

ያልረካ ወላጅ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ርእሰ መምህሯ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ፣ በጽሑፍ። ተቆጣጣሪው ቦርድ አቤቱታ ይቀበላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚመልሰው። "እናስተካክላለን" ብሎ ርእሰ መምህር የሚያዝ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው የትምህርት እንባ ጠባቂ ቢሮ አለ፣ ለዲሲፒኤስም ለቻርተርም ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ ሁለቱን ወገን ጠርቶ ያነጋግራል። የስፔሻል ኢጁኬሽን ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ለከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት፣ ኦሲ ለሚባለው፣ መደበኛ ክስ ማቅረብ ይቻላል። የመርመርና ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን አለው።

ፎርም ስብሰባ ላይ አትፈርሙ። "ቤት ወስጄ ላንብበው" ማለት ነውር የለውም።

ጋሽ_ዳ | ማክሰኞ ማታ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሰው ነኝ። ስለ ማስተማሩ መምህርቷ ትናገር፣ እኔ ስለ ገንዘቡ ልናገር።

ቻርተር ትምህርት ቤት የሚሞተው በሂሳብ ነው። ውጤት ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ካዝናው የተራቆተ ግን ሰኔን ላያልፍ ይችላል። የልጅቷ እናት ስሙን የሰማችው ኢግል አካዳሚ እንዲያ ነው የሆነው። በ2003 የተቋቋመ፣ ለሕፃናት ትምህርት ስም የነበረው ነው። የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፣ ወጪው ግን አብሮ አልቀነሰም። የኮቪድ ድጎማው ሲያልቅ ቀዳዳው ወጣ። በኦገስት 2024 ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፍሬንድሺፕ የሚባል ትልቅ ቻርተር ሊረከበው ተነጋግረው ነበር፣ ተቆጣጣሪው ቦርድ ርክክቡን አልቀበልም አለ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወላጅ የደንብ ልብስ ገዝቶ ጨርሷል። የሦስት መቶ ምናምን ልጅ ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣ። ቦርዱ ምልክቱን ቀድሞ አይቶ ለምን አልነቃም ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፣ ወቀሳውም ትክክል ነው እላለሁ።

ሌላው ዓይነት ደግሞ አለ። ዶርቲ ሃይት ኮሚዩኒቲ አካዳሚ ይባል ነበር። መሥራቹ በጎን የራሱ ኩባንያ ነበረው፣ ትምህርት ቤቱ ለዚያ ኩባንያ "ለአስተዳደር አገልግሎት" በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። የከተማው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ከሰሰ፣ በ2015 ቦርዱ ውሉን ሰረዘ። ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ሁሉ ነበር። ኦዲቱ ነበር፣ ውሉ ነበር፣ ቦርድም ነበር። የከፈለውም የተከፈለውም ወገን በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ወረቀት አያድንም።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ሦስት ነገር አውጥታችሁ እዩ። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ። አንደኛው የውጭ ኦዲት ሪፖርት ነው፣ በየዓመቱ ይወጣል። መጀመሪያ "ተዛማጅ ወገኖች" ስለሚባሉት የሚናገረውን ማስታወሻ ፈልጉ። ትምህርት ቤቱ ከቦርድ አባል ወይም ከኃላፊ ዘመድ ጋር ንግድ ካለው እዚያ ይጻፋል። ቀጥሎ የጥሬ ገንዘቡን እዩ፣ ገቢ ቢቋረጥ ስንት ቀን ያቆየዋል የሚለውን። ሠላሳ ቀን የማያቆይ ከሆነ ጠይቁ። ሁለተኛው 990 የሚባለው ቅጽ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ስለሆነ ለፌደራል ግብር መሥሪያ ቤት ያስገባል፣ የኃላፊዎቹ ደመወዝ በስም ይወጣል። ሦስተኛው የተማሪ ቁጥር ነው፣ ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጡ። እየወረደ ከሆነ በጀቱም እየወረደ ነው።

ከ25,000 ዶላር በላይ የሆነ ግዢም በማስታወቂያ መውጣትና መወዳደር አለበት። ሁልጊዜ አንድ ድርጅት ብቻ የሚያሸንፍ ከሆነ አሁንም ጠይቁ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ተቆጣጣሪው ቦርድ ከሚቆጣጠራቸው ትምህርት ቤቶች በጀት ድርሻ እየወሰደ ነው የሚተዳደረው። ሰዎቹን አልጠረጥርም። አሠራሩ ግን ጥሩ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ነገር በሂሳብ ሙያ አይመከርም።

እናት_ከብራይትዉድ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። አሁን ኦዲቱን አውርጄዋለሁ። የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው። የተዛማጅ ወገኖች ማስታወሻው ግን "የቦርድ አባል ከሆነ ግለሰብ ጋር የተደረገ የሕግ አገልግሎት ውል" ይላል፣ መጠኑ ትንሽ ነው። ይሄ መጥፎ ነው ወይስ የተለመደ?

ጋሽ_ዳ | ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ ተጽፎ መገኘቱ ጥሩ ነው። ጥያቄው ውሉ ሲጸድቅ ያ ሰው ከስብሰባው ወጥቶ ነበር ወይ ነው። ቃለ ጉባኤውን ጠይቂ፣ እዚያ ይገኛል።

ሰሜን_ሴንትፖል | ረቡዕ ጠዋት

ከሚኒሶታ ነኝ። ቻርተር የተጀመረው እዚህ ነው፣ ሕጉ የወጣው በ1991፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1992 እዚሁ ሴንት ፖል። የእኛ ልዩነት ቦርዱ ላይ ነው። እዚህ የትምህርት ቤቱን ቦርድ የሚመርጡት ወላጆችና ሠራተኞች ናቸው፣ ድምፅ ይሰጣል። ቢያንስ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅ፣ አንድ የማኅበረሰብ ሰው መኖር አለበት። የዲሲው ራሱን በራሱ ይመርጣል መሰለኝ?

ምርጫ ስላለ ግን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። የኛ ሰው አይወጣም። በልጄ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ የሚበዙት የሐበሻና የሶማሌ ልጆች ናቸው፣ ቦርዱ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ አንድም አልነበረም። ባለፈው ምርጫ አንዲት የኛ እናት ተወዳድራ ገባች። ነርስ ናት፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ነው ስብሰባ የምትገባው። መጀመሪያ ያነሳችው የአውቶቡሱን ነገር ነው። ልጆች በክረምት ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ውጪ ቆመው ይጠብቁ ነበር፣ ኮንትራቱ ላይ የመዘግየት ቅጣት እንዳለ አንብባ አገኘች፣ ትምህርት ቤቱ ግን ጠይቆ አያውቅም። አሁን ይጠይቃል፣ አውቶቡሱም በሰዓቱ ይመጣል። ሌላ ተአምር አልሠራችም፣ ውሉን ማንበብ ብቻ ነው።

መምህርት_ረ | ረቡዕ ቀትር

አዎ፣ የዲሲው ቦርድ አባላቱን ራሱ ነው የሚተካው። ሕጉ ግን ቢያንስ ሁለት አባላት ልጃቸው እዚያ የሚማር ወላጆች እንዲሆኑ ያስገድዳል። አብዛኛው አባል የዲሲ ነዋሪ መሆን አለበት፣ ከ15 መብለጥም አይችሉም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። ብዙዎቹ በዙም ነው የሚሰበሰቡት፣ ተኝታችሁም መከታተል ትችላላችሁ። እኔ አስተማሪ ሳለሁ ገብቼ እሰማ ነበር። ሥዕል የሚያሳዩበት የልጆች ፕሮጀክት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ የፋይናንስ ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ "ጥያቄ አለ? የለም፣ ቀጥል" ይባላል። አንድ ወላጅ ቻቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ባየሁበት ቀን ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ።

ፒያሳ_ልጅ | ረቡዕ ማታ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እየተከታተልኩ ነበር። እዚህ እኮ እኛ የግል ትምህርት ቤት በየዓመቱ ክፍያ ሲጨምር ከመጮህ ሌላ አቅም የለንም። የሕዝብ ትምህርት ቤት የምንለውም አለ፣ በወላጅ ኮሚቴ የሚመራ፣ ግን ይከፈልበታል። እናንተ የምትሉት፣ መንግሥት ከፍሎ ኮሚቴ የሚያስተዳድረው ማለት ነው? ይሄ ለኛ አይሆንም?

ጋሽ_ዳ | ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ ቅርጹን መቅዳት አይከብድም። የሚከብደው ዙሪያው ነው። እዚህ ኦዲተሩ ነጻ ነው፣ ሪፖርቱን ማንም ያወርዳል፣ ዐቃቤ ሕጉ ይከሳል፣ ፍርድ ቤቱ ይፈርዳል። ያ ሁሉ እያለ እንኳ ሚሊዮኖች አምልጠዋል። ኦሃዮ ውስጥ ኢኮት የሚባል የኢንተርኔት ቻርተር ነበር። ከ15,000 በላይ ተማሪ አለኝ ብሎ ገንዘብ ይወስድ ነበር፣ ግዛቱ ቆጥሮ ሲያጣራ ማስረጃ የተገኘለት 6,300 አካባቢ ነው። ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር መልስ ተባለ፣ በጃንዋሪ 2018 በዓመቱ መሀል ተዘጋ፣ 12,000 የሚያህል ልጅ ሜዳ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የሚቆጥር ሰው፣ ከዚያ ነው ገንዘቡ።

ደብረወርቅ_ቲ | ረቡዕ ማታ

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር፣ ውይይቱ ወደ ክስ ብቻ እያጋደለ ስለሆነ።

ሦስቱም ልጆቼ ቻርተር ነው የተማሩት፣ ትልቁ ኮሌጅ ገብቷል። ስንመጣ የተከራየነው ሰፈር የነበረው ትምህርት ቤት ልጅ የሚሰደድበት ነበር። ጥሩ ሰፈር ቤት ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ሀብታም ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ይመርጣል፣ ቤቱን የሚገዛው እዚያ ነዋ። ለኔ ምርጫ የሰጠኝ ሎተሪው ነው። የስታንፎርድ ጥናት በ2023 ሲወጣ፣ በአማካይ የቻርተር ተማሪዎች በንባብም በሂሳብም ትንሽ በልጠው ነው የተገኙት። በኢንተርኔት የሚያስተምሩት ቻርተሮች ተማሪዎች ግን በጣም ወደኋላ ቀርተዋል፣ ጋሼ ያሉትን ያጠናክራል። ከተማዎች ውስጥ ያሉ ደካማ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት።

ደግሞ መዘጋቱን እንደ በሽታ ብቻ አትዩት። ደካማ መደበኛ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ደካማ ሆኖ ይኖራል፣ ማንም አይነካውም።

ሹፌሩ_አባት | ረቡዕ ሌሊት

ወንድሜ ልጆችህ ስለተሳካላቸው ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን መዘጋት ለማን ነው ቅጣቱ? የቦርዱ ሰዎች ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ በአውቶቡስ የሚንከራተተው ልጁ ነው። እኔ መዘጋት አይኑር አልልም። በኦገስት አይዘጋ ነው የምለው። በዲሴምበር ይወሰን፣ ቤተሰቡ የሚቀጥለውን ሎተሪ እንዲሞላ።

ደብረወርቅ_ቲ | ረቡዕ ሌሊት

በዚህ እስማማለሁ። የሎተሪው ማመልከቻ ከመዘጋቱ በፊት ማወቅ መብታችን ነው። ይሄን እኮ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ መናገር ይቻላል፣ የትምህርት በጀት ችሎት ላይ ማንም ተመዝግቦ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። የኛ ሰው እዚያ ሲናገር አይቼ አላውቅም፣ ብንሄድ ጥሩ ነው።

እናት_ከብራይትዉድ | ሐሙስ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ውይይቱን አብረን አነበብነው፣ እሱ እንኳ "የግል ነው" ማለቱን ትቷል። ልናስመዘግባት ወስነናል። ከመፈረማችን በፊት ግን ዛሬ ጠዋት ደውዬ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ጠየቅኩ። ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ልጅ "ማንም ጠይቆን አያውቅም" አለችኝ፣ ግን እስከ ዓርብ እልካለሁ ብላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ ናት ልጅቷን የምታመላልሳት፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ስብሰባ ሲኖር ልጄ ታስተርጉም ሊሉ ነው?

መምህርት_ረ | ሐሙስ ቀትር

አይችሉም። የፌደራል ገንዘብ የሚወስድ ማንኛውም ትምህርት ቤት ወላጅን ወይም አሳዳጊን በሚገባው ቋንቋ የማናገር ግዴታ አለበት፣ ልጅ አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማይ ስኩል ዲሲም በአማርኛ ይሠራል። የምዝገባ ፎርሙ ላይ "በቤት የሚነገር ቋንቋ" እና "ከትምህርት ቤቱ ጋር የምትነጋገሩበት ቋንቋ" የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው እንግሊዝኛ ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ለእናትሽ ስትይ አማርኛ ብለሽ ሙዪው፣ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ስልክ ሲደውሉም አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገብተው ነው የሚያናግሯት።

እናትሽ የመውሰድ ፈቃድ ያላት ሰው ሆና መመዝገቧንም እዩ፣ ያለበለዚያ በር ላይ ያቆሟታል።

ሰሜን_ሴንትፖል | ሐሙስ ማታ

ቃለ ጉባኤው ሲመጣ የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን መጨረሻው ላይ ይጻፋል፣ ካላንደርሽ ላይ አስገቢው። ሁለቱ የወላጅ አባላት እነማን እንደሆኑና ጊዜያቸው መቼ እንደሚያልቅም ጠይቂ። ቦታው ሲለቀቅ ከወላጆች መሀል ሰው ይፈልጋሉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ያው የሚያውቁትን ነው።

እናት_ከብራይትዉድ | ሐሙስ ማታ

ጠይቄ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።